ትንፋሽ ስለ በሽታ የሚሰጠው ምስክርነት፤ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶችን በፍጥነት ለመለየት የተደረገው ጥረት አጭር ታሪክ

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ በሕዝቡ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» እንደ ተባለ ቀርቷል። የቀረው ዓለም ያንኑ በሽታ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1918 እንደ ተነሣው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በከተማይቱ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል፤ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጃፉ ሲቃጠልና ጭሱ ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ ሽማግሌዎች ልማዱን ከዚያ ዘመን ጋር ያያይዙታል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በልጅነቱ ጭሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው አያቱን «ለምንድን ነው የምናጥነው?» ብሎ ጠይቆ፣ «አየሩ እንዲጠራ ነዋ» የሚል መልስ እንዳገኘ ያስታውሳል።

አየሩ እንዲጠራ የሚለው አሳብ በእኛ አገር ብቻ የተያዘ አልነበረም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ለብዙ መቶ ዓመታት በሽታ ከቆሻሻና ከረግረግ በሚነሣ ክፉ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን ከቆሻሻ የሚነሣ አየር አንድ ነገር ነው፣ ከታመመ ሰው አፍ የሚወጣ ትንፋሽ ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ መደባለቅ በኋላ ምን ያህል ጉዳት እንዳመጣ ከዚህ በታች እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

በ1918 ማንኛውም ሐኪም፣ በለንደንም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የሚያስለው ሕመምተኛ ኢንፍሉዌንዛ ይዞት እንደ ሆነ የሚያረጋግጥበት መሣሪያ አልነበረውም። ከዚህም የከፋው የተሳሳተ ዕውቀት የነበረው መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 የኢንፍሉዌንዛን ምክንያት አገኘሁ ብሎ አንድ ባክቴሪያ ለዓለም አስታውቆ ነበር። በ1918 ሐኪሞቹ ያንን ባክቴሪያ በሕሙማን ጉሮሮ ሲፈልጉ በአንዱ ያገኙታል፣ በሌላው ያጡታል፤ ባጡትም ጊዜ ጥፋቱን በራሳቸው ሥራ ላይ ያደርጉ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ቫይረስ መሆኑ በሰው ላይ የተረጋገጠው በ1933 ነው። በዚያ ዓመት በለንደን ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ ሕሙማን ጉሮሯቸውን ያጠቡበትን ውሃ አጣርተው ፌሬት በሚባሉ ትንንሽ አውሬዎች አፍንጫ ውስጥ ጨመሩ፤ አውሬዎቹም ታመሙ። ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከታመሙት ፌሬቶች አንዱ በስሚዝ ፊት ላይ አስነጠሰበትና ስሚዝም በኢንፍሉዌንዛ ታመመ። ትንፋሽ በሽታን እንደሚያስተላልፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ከዚያ በኋላ የመጡት ምርመራዎች ሁሉ የጉሮሮ እጣቢን፣ የአፍንጫን ንፍጥ ወይም ደምን ጠየቁ እንጂ ትንፋሽን የጠየቀ አልነበረም።

ትንፋሽ ለምን በመጨረሻ ተጠየቀ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ትንፋሽ ስለ ሰውነት ውስጥ የሚናገረው ነገር እንዳለው ጥንትም የታወቀ ነበር። የስኳር በሽታ የጠናበት ሰው ትንፋሹ እንደ በሰለ ፍሬ ይጣፍጣል፤ ጉበቱ የተበላሸ ሰው ደግሞ ሌላ ሽታ አለው፤ ልምድ ያለው ሐኪም በአፍንጫው ይለየዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ መተንፈስ ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን በልኬት አሳየ። ከዚህ በኋላ ትንፋሽ የሚመዘንና የሚቆጠር ነገር ሆነ። በ1954 የኢንዲያና ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ቦርከንስታይን የሰከረ ነጂን በትንፋሹ የሚያጋልጠውን መሣሪያ ሠራ። የመሣሪያው ምሥጢር ቀላል ነው፤ በደም ውስጥ ያለ አልኮል በሳንባ በኩል ወደ አየር ሲተን መጠኑን ይጠብቃል። በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ተሰላ። አንድ የታወቀ ነገር፣ አንድ የታወቀ ልክ።

በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። በ1971 ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላይነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቹ የሰውን ትንፋሽ በቅዝቃዜ አጠራቅመው፣ ከዚያም አሙቀው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ሲለያዩት፣ 250 ያህል ልዩ ልዩ ነገሮች በውስጡ አገኙ። የትንፋሽ ምርምር ልደት የሚቆጠረው ከዚህ ሥራ ነው። ግኝቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም መከራውንም አብሮ ያመጣ ይመስለኛል። አንድ ምስክር ብቻ ሲናገር ይሰማል፤ 250 ምስክሮች በአንድነት ሲጮኹ ማንኛው ስለ በሽታው፣ ማንኛው ትናንት ስለ ተበላው ነጭ ሽንኩርት እንደሚናገር መለየት ከባድ ሥራ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ጋዝና ስለ ሽታ ነው። ቫይረሱ ራሱ በትንፋሽ ውስጥ ይገኛል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነበረው፤ ይህም ክርክር ከኬሚስትሪው ይልቅ የሰውን ነፍስ የነካ ነው።

በ1897 በብሬስላው ከተማ ካርል ፍሉገ ሰው ሲናገርና ሲያስል ከአፉ የሚወጡ ጠብታዎች ባክቴሪያ እንደሚሸከሙ አሳየ። ነገር ግን በ1910 የፕሮቪደንስ ከተማ የጤና ሹም የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ቻፒን ስለ ተላላፊ በሽታዎች ምንጭና መንገድ በጻፈው መጽሐፍ፣ በሽታ በአየር ይተላለፋል የሚለው አሳብ የድሮው የክፉ አየር እምነት ቅሪት ነውና ሕዝቡ ከዚህ እምነት ካልተላቀቀ እጁን መታጠብን አይማርም ብሎ ተከራከረ። የቻፒን አሳብ ለዘመኑ ጠቃሚ ነበር። ቆሻሻ ውሃና ቆሻሻ እጅ ሕፃናትን በሚፈጁበት ጊዜ ሰዎች ዓይናቸውን ከሰማይ አንሥተው ወደ እጃቸው እንዲመለከቱ ማድረጉ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከአሮጌው ስሕተት ጋር አንድ እውነት አብሮ ተጣለ። ከቻፒን በኋላ ለብዙ ዘመን ሐኪሞች የተማሩት ጠብታ ከአፍ ወጥቶ በአንድና በሁለት ክንድ ርቀት መሬት ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ በላይ አያሰጋም የሚል ነበር።

ይህን የተቃወመው ዊልያም ፈርት ዌልስ ነው። ዌልስ በ1934 ትንንሾቹ ጠብታዎች መሬት ሳይደርሱ ውሃቸው ተኖ እንደሚደርቁ፣ የቀረውም ፍሬ ከነተሸከመው ተሐዋሲ በአየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ እንደሚችል በስሌት አስረዳ። የሰማው ጥቂት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን ባልደረባው ሪቻርድ ራይሊ በባልቲሞር የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተኙበትን ክፍል አየር በቧንቧ ወደ ላይ አውጥቶ ጊኒ ፒግ ወዳሉበት ሣጥን አስገባው። እንስሶቹ ከሕሙማኑ ጋር ፈጽሞ አልተገናኙም፤ የተካፈሉት አየራቸውን ብቻ ነው። ቢሆንም ተያዙ። አየሩ አስቀድሞ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የታጠበላቸው ሌሎች ጊኒ ፒጎች ግን ደኅና ሆኑ። በአዘጋጁ አስተያየት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ እንደዚህ ንጹሕ የሆነ የለም።

ለነቀርሳ የተፈቀደው እውነት ለኢንፍሉዌንዛ ብዙ ቆይቶ መጣ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሚልተን ሕመምተኛው ፊቱን በትልቅ ፈንጠዝ በሚመስል አፍ ውስጥ አግብቶ ለግማሽ ሰዓት እንዲተነፍስ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ስሙንም «ጌዙንትሃይት» አለው፤ ጀርመኖች ሰው ሲያስነጥስ የሚሉት ቃል ነውና እኛ ብንሆን «ይማርህ» ባልነው ነበር። በ2018 በታተመው ጥናት ኢንፍሉዌንዛ የተረጋገጠባቸው 142 ሰዎች 218 ጊዜ በዚህ መሣሪያ ውስጥ ተነፈሱ። ሕይወት ያለው ቫይረስ ከጥቃቅኑ የትንፋሽ ጠብታ ናሙናዎች በ39 ከመቶው ተገኘ። ማስነጠስ ለዚህ አላስፈለገም፤ ያላሳሉትም ቢሆኑ ቫይረስ ይተነፍሱ ነበር።

ከዚያው ጥናት ሌላውን ቍጥር ደግሞ አንባቢ ልብ ይበል። ከእነዚሁ ሰዎች አፍንጫ ጥልቅ በተወሰደው ናሙና ሕይወት ያለው ቫይረስ የተገኘው በ89 ከመቶው ነው። በ89 እና በ39 መካከል ያለው ልዩነት ለጥያቄያችን ግማሹን መልስ ይሰጣል። ሐኪሞች ትንፋሽን የተዉት በቻፒን ትምህርት ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ንፍጥ የሞላ ማሰሮ ሲሆን ትንፋሽ በሰፊ አየር ውስጥ የተበተነ ጥቂት ጠብታ ስለ ሆነም ነው። በሥጋ ላይ ግን ዋጋው ይለያያል። የአፍንጫ ናሙና የተወሰደበት ሰው እንደሚያውቀው፣ ያ ረጅም እንጨት ወደ ራስ ቅል የገባ ይመስላል፤ ሕፃን ደግሞ ይታገላል፣ ያለቅሳል፤ በጁም የሚያስል ሰው ፊት ለፊት የሚቆመው ባለ ሙያ በሽታውን ይቀበላል። መተንፈስን ማንም ያለ ማስተማር ያውቃል።

መጋቢት 28 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 በአየር የሚተላለፍ አይደለም ሲል ለሕዝብ አስታወቀ። የቻፒን ጥላ በ110 ዓመቱ ገና አልሸሸም ነበር። ድርጅቱ ቃሉን በ2021 አሻሻለ፤ በ2024 ደግሞ ጠብታና አየር ወለድ የሚለውን የቆየ ክፍፍል ትቶ ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ተላላፊ የትንፋሽ ቅንጣት በሚል አንድ ስም ጠራው።

በዚሁ ወረርሽኝ ጊዜ ነው የትንፋሽ ምርመራ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ አደባባይ የመጣው። ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ቫይረሱን ራሱን ከትንፋሹ መያዝ ነው። ሁለተኛው ቫይረሱን ትቶ፣ ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲዋጋ የሚለወጠውን የትንፋሽ ሽታ ማንበብ ነው። በችኮላው ዘመን አብዛኞቹ የመረጡት ሁለተኛውን ነው፤ ሽታ ከቫይረስ ይልቅ በብዛት ይገኛልና። በሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ በመስከረም 2020 ውሾች እንኳ ለዚህ ሥራ ተሰልፈው ነበር፤ እነርሱ ግን የሚያሸቱት ከመንገደኛው ቆዳ የተጠረገ ላብ እንጂ ትንፋሽ አልነበረም።

ኔዘርላንድ ቀደመች። ለአስምና ለመሳሰሉት የሳንባ በሽታዎች ምርምር ይሠራበት የነበረው ስፓይሮኖዝ የተባለ መሣሪያ በ2021 ለኮቪድ ተመደበ። መሣሪያው የሽታዎቹን ስም አያውቅም፤ ብዙ የብረት ኦክሳይድ ስሜት ተቀባዮቹ የሚሰጡትን አጠቃላይ መልክ ከታመሙና ካልታመሙ ሰዎች መልክ ጋር ያስተያያል። ሠሪዎቹ በብልሃት አንድ ነገር አደረጉ። መሣሪያው «አለብህ» አይልም። ወይ «የለብህም» ይላል፣ ወይም «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ሰውየውን ወደ ተለመደው ምርመራ ይልካል። ይህ ትሕትና በወረቀት ላይ የሚያስመሰግን ነው። በአምስተርዳም ሥራ ላይ ሲውል ግን «የለብህም» ተብለው ከተሸኙት መካከል በሽታው የነበረባቸው መገኘታቸው ታወቀና አገልግሎቱ ተቋረጠ። ያለበትን ሰው የለብህም ብሎ ወደ እናቱ ቤት መስደድ፣ ካለመመርመር የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ያልተመረመረው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

በግንቦት 2021 ሲንጋፖር ከብሔራዊ ዩኒቨርሲቲዋ የወጣ ብሬዞኒክስ የተባለ ኩባንያ ለሠራው ምርመራ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠች። መንገደኛው በሚጣል አፍ መያዣ ይነፋል፤ ትንፋሹ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር ይገባል፤ መልሱ በአንድ ደቂቃ ያህል ይወጣል። ከማሌዥያ በሚገቡ ሰዎች ላይ በቱዋስ ኬላ ሲሞከር ከፈጣኑ የአንቲጀን ምርመራ ጋር ጎን ለጎን እንዲሆን ተደረገ። ከአምስተርዳም ይልቅ የሲንጋፖር አካሄድ ጥንቃቄ የበዛበት ነው ለማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 14 ቀን 2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቪድን በትንፋሽ ለሚለይ መሣሪያ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጠ። መሣሪያው ኢንስፔክትአይአር በተባለ የቴክሳስ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን መጠኑ የመንገደኛ የእጅ ሻንጣ ያህላል፤ ከኪቶንና ከአልዴሃይድ ወገን የሆኑ አምስት ነገሮችን ይለያል፤ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል፤ በቀን 160 ሰው ይመረምራል። በ2,409 ሰዎች ላይ ሲፈተን ከታመሙት 91.2 ከመቶውን፣ ካልታመሙት ደግሞ 99.3 ከመቶውን በትክክል ለየ።

እነዚህ ቍጥሮች በጋዜጣ ሲነበቡ የሚያስደንቁ ናቸው። ነገር ግን የሒሳብ ትምህርት የማይወዱ ባልንጀሮቼም ቢሆኑ እርሳስ አንሥተው የሚከተለውን እንዲያሰሉ እጠይቃለሁ። 1,000 ሰዎች ተሰለፉ እንበል። አስተዳደሩ እንደ ወሰደው ከመቶ 4.2 የሚሆኑት ቢታመሙ፣ 42 ሕሙማን፣ 958 ጤነኞች አሉ። መሣሪያው ከ42ቱ 38ን ያገኛል፣ 4 ያመልጡታል። ከጤነኞቹ 7 ያህሉን በሐሰት ይከሳል። እንግዲህ «አለብህ» ከተባሉት 45 ሰዎች 38ቱ እውነት ነው፤ «የለብህም» ከተባሉት 955 ሰዎችም የተሳሳተባቸው 4 ብቻ ናቸው። ይህ መልካም ነው። አሁን ደግሞ ወረርሽኙ በረድ ብሎ ከ1,000 ሰው አንድ ብቻ ታመመ እንበል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ በሐሰት የሚከሳቸውም አሁንም 7 ናቸው። እውነተኛው ሕመምተኛ ግን አንድ ነው። ከተከሰሱት ስምንት ሰዎች ሰባቱ ንጹሐን ሆኑ ማለት ነው። አስተዳደሩም ይህን አውቆ «አለብህ» የተባለ ሁሉ በሞለኪውል ምርመራ እንዲረጋገጥ፣ መሣሪያውንም የሠለጠነ ባለ ሙያ በሐኪም ኃላፊነት ሥር እንዲይዘው አዘዘ። ስለዚህ በኬላ ላይ ቆሞ መንገደኛን ለመመለስ ወይም ሠራተኛን ከደመወዙ ለማስቀረት ይህን መሣሪያ ብቻውን የሚያምን ሹም፣ ከስምንት አንድ ጊዜ ብቻ ትክክል የሚሆንበት ቀን ይመጣል።

የመጀመሪያው መንገድ፣ ማለትም ቫይረሱን ራሱን መያዝ፣ ዘግይቶ ተከተለ። በ2023 በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አስቀድሞ የአልዛይመርን በሽታ ለመመርመር የታሰበ የኤሌክትሪክ ስሜት ተቀባይ ወስደው የኮቪድን ቫይረስ በሚይዝ ናኖቦዲ ለበጡት፤ ናኖቦዲ የሚባለው ከግመል ወገን በሆነው በላማ ከሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል የሚወጣ ትንሽ ክፍል ነው። ሰውየው በመምጠጫ ቀሰም ይነፋል፤ መልሱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስሜት ተቀባዩን በመለወጥ ኢንፍሉዌንዛንና ሕፃናትን የሚያጠቃውን አር.ኤስ.ቪ. ቫይረስ ለመያዝ እንደሚቻል ጽፈዋል። ይህ መንገድ ከሽታ ንባብ ይልቅ አዘጋጁን ይማርከዋል፤ የሚፈልገውን ነገር በስሙ ያውቀዋልና።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ መጀመሪያ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ምርመራው በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተገለጸ። ናሙና በአውሮፕላን ሄዶ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ አገር በአንድ ደቂቃ የሚናገር መሣሪያ ሲባል ጆሮውን ቢያቆም አይደንቅም። ወደፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊገዛ ሲታሰብ ግን የቍጥሩን ወረቀት ለሚያመጣው ነጋዴ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ሽታን የሚያነቡት መሣሪያዎች የተማሩት በአምስተርዳም፣ በሲንጋፖርና በአሜሪካ ሰዎች ትንፋሽ ላይ ነው። የቴክሳሱ መሣሪያ የሚፈልጋቸው ነገሮች ከፊሎቹ የአልዴሃይድ ወገን ናቸው፤ አልዴሃይድ ደግሞ ከእንጨት ጭስ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በየገጠሩ እናቶች ማለዳ ተነሥተው በጭስ በተሞላ ማድ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ ይውላሉ። ከምጣዱ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች ሴት ወደ መሣሪያው ስትነፋ፣ መሣሪያው የሚያነበው በሽታዋን ነው ወይስ ምድጃዋን?